ባዶ እጃቸውን ነጻነትን የጠየቁት መምህር ረዘነ ሃብተማርያም

መምህር ረዘነ ከአባታቸው ከአቶ ሃብተማርያም ወልዱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኣስገደት ዘርአይ በኤርትራ፣ በሰገነይቲ ከተማ በ1946 ተወለዱ። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። በሰገነይቲና በአስመራ ከተማሩ በኋላ ለመምህርነት ሥልጠና አዲስ አበባ ገቡ። በዚያም ከወይዘሮ ጽጌረዳ ገብረሃና ጋር ተዋውቀው በ1970 በቅዱስ ጋብቻ ተወሰኑ፤ ሰብለወንጌልንና ዘርአ ብሩክንም ወለዱ።

ወደ ኤርትራ ተመልሰው ሒሳብ ሲያስተምሩ የኤርትራን ነጻነት እንደሚፈልጉ ደብቀው አያውቁም። እኩዮቻቸው አንድ በአንድ ለትጥቅ ትግል በረሃ ሲወጡ ግን እሳቸው ቀሩ። “ነጻነት የሚጠየቀው በሕዝብ ድምፅ ነው፤ ሰው ገድዬ ካመጣሁት ለልጆቼ ምን ብዬ አስረዳቸዋለሁ?” ይሉ ነበር። በዚህም መንግሥት ከሃዲ፣ ጓደኞቻቸው ደግሞ ፈሪ አሏቸው።

በ1975 መምህራንንና ተማሪዎችን አስተባብረው ሕዝበ ውሳኔ የሚጠይቅ ሰልፍ መሩ። ማንም ድንጋይ እንኳ እንዳይዝ አጥብቀው አስጠንቅቀው ነበር። ወታደሮች መንገዱን ሲዘጉ “አትሩጡ፤ ቁጭ በሉ!” አሉ። ሰልፈኛው ታዝዞ ተቀመጠ። ተኩስም ተከፈተ። ከሞቱት መካከል ታናሽ ወንድማቸው ኃይለ ይገኝበታል፤ ገና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር።

መምህር ረዘነ ከወንድማቸው አስከሬን አጠገብ ተይዘው ታሰሩ። እናታቸው ሊጠይቋቸው መጥተው፣ “ኃይለ ሯጭ ነበር፤ ያመልጥ ነበር። ቁጭ በል ያልከው አንተ ነህ” አሏቸው። ያመጡትንም ስንቅ አቀብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ስንቁ በእህታቸው በወይዘሮ ምሥራቅ እጅ ይመጣ ነበር እንጂ እናታቸው ዳግም አልመጡም።

በእስር ሳሉ ወይዘሮ ጽጌረዳ ሁለቱን ልጆች ይዘው ሮም ገቡ፤ በሰው ቤት እያደሩ እየሠሩም አሳደጓቸው። መምህር ረዘነ ከሰባት ዓመት በኋላ ተፈትተው በሱዳን በኩል በ1983 ቤተሰባቸውን ተቀላቀሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ የመኖሪያ ሕንጻ በር ጠባቂነት ሠሩ።

በ1991 ነጻነት በጠመንጃ መጣ። ሮም ያለው ወገናቸው ሲጨፍር አብረው ጨፈሩ። በ1993 ለሕዝበ ውሳኔው ድምፅ ሲሰጡ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ለባለቤታቸው፣ “ኃይለ የጠየቀው ይህችን ወረቀት ብቻ ነበር” አሏቸው።

በ1998 ከኢትዮጵያ ጋር ጦርነት ተነሥቶ ለግንባር መዋጮ ሲጠየቁ፣ “ለነጻነት ያልገዛሁትን ጥይት ለድንበር አልገዛም” ብለው እምቢ አሉ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ወዳጆቻቸው መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር። በዓመቱ እናታቸው ሲያርፉ የመጓጓዣ ሰነድ ስላልነበራቸው ሊቀብሯቸው አልቻሉም። በሮም ቶር ፒኛታራ ሰፈር ባለው ቤታቸው ለቅሶ ሲቀመጡም የተዘረጉት ወንበሮች ባዶ ነበሩ። “ሳንታረቅ ሄዱ” አሉ፤ ስለ እናታቸው ከዚያ በኋላ ሲናገሩ የሰማ የለም።

በ2017 ሮም ውስጥ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንዛ ከተባለው አደባባይ አጠገብ ካለው ሕንጻ የተባረሩት ስደተኞች አደባባዩ ላይ ሲያድሩ፣ የሰባ አንድ ዓመቱ አዛውንት በየቀኑ እየሄዱ ከመካከላቸው ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ሰዉ ሊበትነው በመጣው ፖሊስ ተቆጥቶ ድንጋይ ማንሣት ሲጀምር፣ ታሪካቸውን የሰማች እየሩሳሌም የምትባል የሁለት ልጆች እናት ድንጋዩን በእጇ እንደያዘች፣ “አባባ፣ እርስዎ ቁጭ በማለት ምን አገኙ?” አለቻቸው።

“ወንድሜን አጣሁበት” አሏት። “ስለዚህ ቁጭ በይ ብዬ አላዝሽም፤ ማንንም አላዝም። ሰው እንዳልገድል ብዬ የመረጥኩት ነውና እኔ ግን እቀመጣለሁ።”

ብለውም አስፋልቱ ላይ ተቀመጡ። እየሩሳሌም ድንጋዩን ጥላ አጠገባቸው ተቀመጠች። ብዙዎች ተከተሉ፤ ጥለው የሄዱም ነበሩ። በዚያን ዕለት አጠገባቸው ከተቀመጡት አንድም የሞተ የለም። ሕንጻውን ግን አላስመለሱም፤ ያ ሁሉ ቤተሰብ በየአቅጣጫው ተበተነ። ማታ ቤት ሲገቡ እንኳን ደስ ያለዎት ያላቸውን ሰው፣ “ልጆቹ የት ያድራሉ?” ብለው ጠየቁት።

መምህር ረዘነ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሁለት ዓመት ሲሠቃዩ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2021 በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አማርኛውም ጣሊያንኛውም ጠፍቷቸው በትግርኛ ብቻ ይናገሩ ስለነበር፣ ትግርኛ የማይሰሙት የሃምሳ ዓመት የትዳር አጋራቸው ቃላቸውን የሚሰሙት በልጆቻቸው አስተርጓሚነት ነበር።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆችንና አራት የልጅ ልጆችን ትተዋል። እህታቸው ወይዘሮ ምሥራቅ ከሰገነይቲ መምጣት አልቻሉም፤ እዚህ አፈር በምናለብስበት ሰዓት እዚያ ያለ አስከሬን ፍትሐት እያስደረጉ ነው።

ሞትን በሞቱ የረታ አምላክ የመምህር ረዘነን ነፍስ በሰላሙ ይቀበልልን፤ ከእናታቸውና ከወንድማቸው ጋር ያገናኝልን። የሰው ሀገር አፈር ይቅለላቸው። ለእኛም ሳይረፍድ እንድንታረቅ ልብ ይስጠን። አሜን።