የሐሙስ ሽሮ

ሰኞ

ጠረጴዛዬን ኮሪደር ላይ አገኘሁት፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በር ፊት ለፊት። ሥራ አስኪያጁ "ነፋሻ ነው" አለኝ። ውሸት አይባልም። መጋዘናችን ጊዜው ባለፈበት የልጆች ሽሮፕ ላይ አዲስ ቀን እየለጠፈ እንደሚሸጥ ለተቆጣጣሪዎች ጽፌ ነበር፤ ወሬው ከእነሱ ቀድሞ እሱ ጋ ደርሷል። የመጋዘኑን ቁልፍ ተቀበለኝ። ደብዳቤውን የጻፍኩበትን እስክሪብቶ ግን ትቶልኛል።

ማክሰኞ

ከደሴ መጥቼ እዚህ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ምሳ የምንበላው ሁላችንም ሠራተኞች ከአንድ ትሪ ነው። እኔ ሙስሊም፣ እነሱ ክርስቲያን። የእነሱን ሥጋ ስለማልበላ፣ ጾም ባይሆንም ሽሮና ምስር ነው የሚያመጡት። ማንም ሕግ አላወጣውም።

ዛሬ ትሪው ላይ ጥብስ ነበር።

"አትብዪ" ያለኝ የለም። የሥራ ባልደረባዬ ኪሮስ ብቻ፣ ዓይኑን ሳያነሳ፣ "መጋዘኑ ከታሸገ እንደ ጦርነቱ ጊዜ ያለ ደሞዝ ልንቀመጥ ነው፣ ዘይነብ" አለ። ሦስት ልጆች አሉት። ዳቦዬን ኮሪደር ላይ በላሁ። በእርግጥ ነፋሻ ነው።

ረቡዕ

ጠዋት ተቆጣጣሪዎቹ መጡ። መዝገቡ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ ጠበቃቸው። "የተላጠውን የድሮ ቀን ያየ አለ?" ሲሉ ሁሉም ጫማ ጫማውን አየ።

ጽዳት ሠራተኛችን፣ ሁላችን በትግርኛ አደይ፣ እናቴ፣ የምንላቸው አደይ ለምለም፣ መጥረጊያቸውን ይዘው ቀረቡ። እንጨቱ ተሰንጥቆ እጃቸውን ሲወጋቸው፣ "ይጣሉት" የተባሉትን የተላጠ ወረቀት ዙሪያውን ለጥፈውበታል። የሽሮፑ ስም፣ ያለፈው ቀን፣ ሁሉም ይነበባል።

"ሙጫው ጥሩ ነው፣ ወደይ" አሉት አንዱን ተቆጣጣሪ፣ ልጄ እንደማለት። "መጣሉ አሳዘነኝ።"

መጥረጊያው በፊርማ ተወሰደ። አደይ ለምለም ደረሰኝ ጠየቁ። ለጊዜው የታሸገው የሽሮፑ መደርደሪያ ብቻ ነው፤ የሌላው ገና ይታያል።

ምሳ ሽሮ ነበር። ግን ረቡዕ ጾም ነው። ያ የእግዜር ሽሮ እንጂ የእኔ አይደለም። አልተጠጋሁም።

ሐሙስ

ጠረጴዛዬ እዚያው ነው። አደይ ለምለም መጥረጊያ ስለሌላቸው አጠገቤ ተቀምጠው ዋሉ። ላመሰግናቸው ብል፣ "ምኑን፣ ጓለይ? መጥረጊያው የድርጅቱ ነው" አሉኝ፣ እኔንም እንደ ልጃቸው።

በምሳ ሰዓት ኪሮስ ብቅ አለ። "ምሳ ቀርቧል" ብሎ ተመለሰ።

ጾም የለም። ትሪው ላይ ሽሮ ነበር፣ ዳር ዳሩን ምስር። አልሐምዱሊላህ ብዬ እጄን ታጠብኩ። ጨው በዝቶበታል። መጨረሻ የተነሳሁት እኔ ነኝ።

ሥራዬ እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም። ነገ ደግሞ ዓርብ ነው፣ ሽሮው ለማን እንደሆነ አይለይም። የዛሬው ግን የእኔ ነበር።