ሥራ ያልሆነው ግማሽ ሰዓት

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬም ደረጃው ላይ ተገናኘን። ባለቤቴ ሆስፒታል ተረኛ ሆና አድራ ወደ ላይ፣ እኔ ወደ ፍራሽ ሱቁ ወደ ታች። “ደህና ዋል” አለችኝ። “ደህና እደሪ” አልኳት። በጠዋት። ጎረቤት የሰማን እንደሆነ ከሁለቱ አንዱን አሞታል ይላል።

ሱቁ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እኛ ግን ሁለት ሰዓት ላይ ተገኝተን የጋሼን ምክር መስማት አለብን። ጋሼ ማለት ባለሱቁ። በዚያ ሁሉ አልጋ መካከል ቆሞ ማዳመጥ... መቀመጥ ነውር ነው። የዛሬው ርዕስ “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ነበር። አንበሳው ማን እንደሆነ አልነገረንም።

ይቺ ግማሽ ሰዓት ደሞዝ ውስጥ የለችም። እኔን ግን የሚቆጨኝ ገንዘቡ አይደለም። ግማሽ ሰዓቷ ባትኖር ሚስቴን ቁርስ ላይ አገኛት ነበር። አሁንማ አንድ ቤት በፈረቃ የተከራየን ሁለት ሰዎች መስለናል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ካሸሯ ጠየቀች። ከሦስታችን የምትጠይቅ እሷ ብቻ ናት፤ ሹፌሩ “ዳኛዋ” ይላታል።

“ጋሼ፣ የጠዋቷ ግማሽ ሰዓት ለምንድን ነው የማትከፈለን?”

“ልጄ፣ እሱ እኮ ሥራ አይደለም። የቤተሰብ ጨዋታ ነው። አባት ልጆቹን ሲመክር ይከፍላል እንዴ?”

“አባት እንኳን ቁጭ አድርጎ ነው የሚመክረው” አለ ሹፌሩ ከኋላ።

ተሳቀ። ቀድሞ የሳቀውም ጋሼ ነው። ክፉ ሰው አይደለም... ችግሩም ይኸው ነው። እኔ ዝም። እዚህ ዕድሜ የደረስኩት ዝም አይነቅዝም በሚለው ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ሹፌሩ ትናንት ከጠዋቱ ጨዋታ ቀረ። ሱቁ ሲከፈት በሰዓቱ ከች አለ፣ ፂሙን ተላጭቶ፣ አምሮበት። ዛሬ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። በማርፈድ!

“ከምኑ ነው ያረፈድኩት?” ሲል ዋለ። “ከተረቱ?”

ዓርብ፣ የካቲት 7

ዳኛዋ በምሳ ሰዓቷ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄደች። ተመልሳ፣ ዳቦዋን እየገመጠች ነገረችን። ተቆጣጣሪዋ ወሬ አታበዛም አሉ።

“ብትቀሩ ትቀጣላችሁ?”

“አዎ።”

“እንግዲያው ሥራ ነው። ሥራ ደግሞ ይከፈላል። መጀመሪያ ራሳችሁ አነጋግሩት። እምቢ ካለ ኑ።”

አነጋግሩት... ማን? ሹፌሩ ማስጠንቀቂያ አለበት። ዳኛዋ “እኔ ጠየቅሁ፣ እኔው ሄድኩ፤ ተራው ያንተ ነው” አለችኝ። መጽሐፍ ስለማነብ መናገር የምችል ይመስላቸዋል። ማንበብ አፍ ዘግተው የሚሠሩት ሥራ መሆኑን ማን ይንገራቸው?

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ደረጃው ላይ ለሚስቴ ነገርኳት። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ግድግዳውን ተደገፈች።

“ቢያባርርህስ?”

“ቁርስ አብረን እንበላለና።”

“በምን ገንዘብ?”

አልሳቀችም። ጥቂት ወጣችና ዞረች። “ቢሆንም ተናገር። ናፍቀኸኛል፤ አንተ ሰውዬ።”

ቀኑን ሙሉ ፍራሽ ስሸጥ ዋልኩ። ለማን እንደሸጥኩ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ንግግር አጥንቼ ነበር። በመግቢያ፣ በሐተታና በመደምደሚያ።

ጋሼ ስለ ጉንዳን ጀመረ። ጉንዳን አለቃ ሳያዛት እንዴት እንደምትሠራ... አፌን ከፈትኩ። ያጠናሁት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። አጠገቤ ያለው ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጫማዬን አውልቄ ጋደም አልኩ።

ቀጥሎ የፍራሽ ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ሹፌሩም ተጋድሟል። ዳኛዋ ቀሚሷን ሰብስባ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

“ተነስ!”

ጋሼ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም።

“ጋሼ” አልኩ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ፣ “ሥራ ከሆነ እነሳለሁ። ጨዋታ ከሆነ ግን እየሰማሁዎት ነው።”

ልቤ ፍራሹን ሲያነጥረው ይሰማኛል። (ስፕሪንጉ ጥሩ ነው። ከእንግዲህ ለደንበኛ ሳልዋሽ እናገራለሁ።)

“ሥራ ነው ብልስ?” አለ ጋሼ።

“ይከፈላላ!” አለች ዳኛዋ። “ቢሮም እንደዚያው ነው ያሉኝ።”

“ቢሮ ድረስ ሄዳችሁ?” ድምፁ ወረደ። እሱም አንዱ አልጋ ላይ ተቀመጠ። ለካ እሱም ይህን ሁሉ ጊዜ ቆሞ ነው የከረመው። “በጣም አሰልቺ ነኝ እንዴ?”

“ጉንዳኗ ደህና ነበረች” አለ ሹፌሩ።

ሰኞ፣ የካቲት 17

አለቀ። ምክሩ ከእንግዲህ በሥራ ሰዓት ነው። ያለፈው ተሰልቶ ከደሞዝ ጋር በየወሩ እየተከፋፈለ ይከፈለናል፤ ዳኛዋ ይህን ሳታስፈርም አልለቀቀችውም። የሹፌሩም ማስጠንቀቂያ ተቀደደ።

ዛሬ ጋሼ ስለ ትዕግሥት መከረን። ሰዓቱን እያየ። ሻይ እስኪበርድ እንኳን አልቆየም። ከገዛ ኪስ ሲወጣ ተረትም ያጥራል።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ቁርስ። ዳቦ፣ እንቁላል፣ ሻይ፣ ሚስት።

እሷ መጋረጃው ይዘጋ አለች፤ ልትተኛ ነው። እኔ ይከፈት አልኩ፤ ልነቃ ነው።

“ሌሊቱን ሙሉ መብራት ሥር ነው ያደርኩት፣ አንተ ሰውዬ!”

“ፊትሽን በምን ልየው ታዲያ?”

ሽንገላ መሰላትና ባሰባት። እኔም ባሰብኝ። የእናቴ ስም ተነሳ። የእናቷም አልቀረም። ተኳረፍን። ሻዩ በረደ። እሷ ቀድማ ሳቀች። ሌላ ሻይ ተጣደ፣ መጋረጃውም ግማሽ ድረስ ተሳበ።

ሰዓቴን አየሁ። ገና አሥር ደቂቃ ነበረኝ።