አራተኛው ደረጃ ላይ የሚጥለው ሊንክ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሊንክ ተጭኖ እንግዳ ገጽ መሀል ተወርውሮ የማያውቅ ሰው አለ? እኔ ግን ዛሬ እንዲህ የሚወረውር ሊንክ ስሠራ ዋልኩ።

ለመጋዘኖች የምንሸጠው ሶፍትዌር ውስጥ ዕቃ መጠየቂያ አለ፤ ሰውን እጁን ይዞ ከመጀመሪያው ደረጃ እስከ ስድስተኛው የሚወስድ። የእኔ ድርሻ ያንን የሚያስጀምረው አድራሻ ምን ይምሰል የሚለው ነው። አንድ መስመር! "ከምሳ በፊት ትጨርሺዋለሽ" አለኝ አለቃ። እንደ ድሮው አደረግኩት፦ የገጽ ቁጥር፣ የደረጃ ቁጥር፣ የጥያቄ ቁጥር። አላማረኝም። ግን ዝም አልኩ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው... ፈሪ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

የመጀመሪያ ሞካሪያችን፣ የመጋዘን ኃላፊዋ እትዬ፣ ደወሉ። ጓንት ለመጠየቅ ቅጹን ጀምረው አራተኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ሊንኩን ቀድተው "እናንተም በዚህ ጠይቁ" ብለው ለሦስት መጋዘኖች ላኩት። ምን አጠፉ? ማንም የሚያደርገው ነው። ሦስቱም የከፈቱት የእትዬን ቅጽ ሆነ! አንዱ የአንዱን እየደመሰሰ ጻፈበት፤ የመጨረሻው ብቻ ቀረ።

"ልጄ፣ ጓንቱ ለሌላ መጋዘን ተጭኖ ሄደ። ልጆቼ ኬሚካል የሚያነሱት በባዶ እጅ ነው።"

"ስንት ናቸው?"

"አሥራ አራት። የአንዱ እጅ ዛሬ ቆዳው ተላጠ።"

ከዚያ በኋላ ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

አለቃ ቢሮ።

"ሴትዮዋ ናቸው የተሳሳቱት። ሊንኩ አይቀዳም ተብሎ መመሪያው ላይ ተጽፏል።"

"የት ላይ?"

"ገጽ ሠላሳ ሁለት።"

"እርስዎ አንብበውታል?"

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት በጣቱ መታ መታ አደረገ፦ "አንቺ ልጅ፣ የቅጥር ደብዳቤሽ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለሙከራ ሰባ ሊንክ ተበትኗል፤ አይነካም። ማክሰኞ ለሁሉም ደንበኛ ይወጣል። የሠራሽው አንቺ ነሽ፣ 'ተፈትኖ ሠርቷል' የሚለው ማረጋገጫ ላይ ትፈርሚያለሽ።"

"አልፈርምም።"

ከአፌ አመለጠኝ... አይ፣ አላመለጠኝም። አውቄ ነው ያልኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ወንድሜ ታክሲውን ሲያጥብ ነገርኩት። ሳቀብኝ።

"ተሳፋሪ የሚሄድበትን ሰፈር ይነግረኛል እንጂ 'ሦስተኛ ማርሽ አስገባ' ይለኛል? አራት ዓመት የተማርሽው ይኼን ለማወቅ ነው?"

ጨርቁን ቀምቼ ወረወርኩበት። ግን እኮ ልክ ነው! ሊንኩ የሥራውን ስም ብቻ ይናገር። "ዕቃ-መጠየቂያ"፣ በቃ። የከፈተው ሁሉ ከአንድ ይጀምር፣ በራሱ ቅጽ። የጀመረውን መጨረስ የፈለገ "የጀመርኳቸው" ከሚለው ዝርዝር ያውጣ። የተበተኑት ሰባዎቹስ? አይጥፉ... የተጫናቸውን ሁሉ ወደ አዲሱ ይውሰዱት። ይኼ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

አልፈረምኩም። በምትኩ እትዬን ቢሮ ጠራኋቸው፣ ማንንም ሳላስፈቅድ። (ጓንቱ ትናንት ደርሶላቸዋል፤ በስልክ ለምኜ።) አለቃ ፊት አሮጌውንም ሰኞ የሠራሁትን አዲሱንም ሊንክ ስልካቸው ላይ ላኩላቸው።

"እትዬ፣ የቱን ነው ለባልደረባዎ በቃል ሊነግሩ የሚችሉት?"

መነጽራቸውን አወጡ። አሮጌውን ማንበብ ጀመሩ። ዘጠነኛው ቁጥር ላይ ሲደርሱ ስልኩን ለአለቃ አቀበሉት። "ጌታዬ፣ ዓይኔ ደከመ። እስቲ እርስዎ ይጨርሱልኝ።"

ጀመረ። መሀል ላይ ጠፋበት። እንደገና ጀመረ...

"ይውጣ የሷ" አለ ጀርባውን ሰጥቶን። "ደብዳቤውን ግን እናያለን።"

እትዬ በር ላይ ጎኔን ጎነጥ አደረጉኝ። "አንቺ፣ ደፋር ነሽ!"

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ደብዳቤው መጣ። የሙከራ ጊዜዬ በሦስት ወር ተራዝሟል። ምክንያት፦ ትዕዛዝ አለመቀበል።

ይራዘም! ያቺ የጥቅምት 11 ዝምተኛ ብትሆን ሽንት ቤት ገብታ ታለቅስ ነበር። እኔ አራት ቦታ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ነገም ያላማረኝን አልፈርምም።

አዲሱ ሊንክ ዛሬ ጠዋት ወጣ። ከሥሩ ያለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም ማንንም ሳልጠይቅ፦

"ቅዱት፣ ለፈለጋችሁት ላኩት። ያላሰባችሁት ቦታ ከጣላችሁ ግን ዝም አትበሉ፤ ደውሉልኝ። የውስጥ መስመር 27። የሠራሁት እኔ ነኝ።"