እማዬ ከሽፋኑ ላይ አትወርድም

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣ ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም አባዬ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን አሁንም ያምዎታል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለፈው ጁምዓ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለዘጉብኝ የቀረኝን ልጽፍልዎ ተቀመጥኩ። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ ወደ ጅዳ የሚመጣው ጎረቤታችን ሂሻም ነው። ሳያነቡ እንዳይቀድዱት አደራ ብዬዋለሁ፤ ፊትዎ ቆሞ ያስጨርስዎታል።

«እናትሽን ከዚያ መጽሔት ላይ አውርጃት፤ አለዚያ ልጄ አይደለሽም» ነው ያሉኝ። አላወረድኳትም። መጽሔቱም ትናንት ከማተሚያ ቤት ወጥቷል። ይኸው፣ ከመጀመሪያው ነገርኩዎት። አሁን ነገሩ እንዴት እንደሆነ ይስሙኝ።

እማዬ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ከገባች ወዲህ ከፈረቃ ስትመለስ ሰርቪሱ ውስጥ ታዜማለች፤ ሴቶቹ ያጨበጭቡላታል። አንድ ቀን ባልደረባዋ ኩኩ በስልኳ ቀርጻ ለቀቀችው። የሚታየው የአውቶቡሱ መስኮትና ዝናቡ ብቻ ነው፤ የሚሰማው ግን የእማዬ አምባሰል! ወላሂ አባዬ፣ የደሴ ልጅ ሁሉ ስልክ ላይ አለች። «የአውቶቡሷ ሴት» ይሏታል፤ ፊቷን ግን ያየ የለም።

እኔ እንደሚያውቁት የወጣቶች ሙዚቃ መጽሔት ሽፋን ነው የምሠራው። አዘጋጃችን ኃይለ ሚካኤል እናቴ መሆኗን ከእኔ ሰምቶ «የዚህ ወር ሽፋን የአውቶቡሷ ሴት ናት» ሲል በደስታ ልዘል ነበር። ወዲያው ጥቁር መነጽር ያደረገች የአንዲት ሞዴል ፎቶ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «ድምፁ የእናትሽ ነው፤ ፊቱ ግን የወጣት ይሁን። ወጣት የሚገዛው ወጣትን ነው» አይለኝም! ደሜ ፈላ። «የሰው ድምፅ ወስደህ የሌላ ሰው ፊት ልትለጥፍበት?» ብዬ ጮህኩበት። እሱም ጮኸ።

እርስዎ ሥራዬን «ሥዕል መቀባባት» ስለሚሉት ትንሽ ልንገርዎ። መናኸሪያ በር ላይ ሰማኸኝ የሚባል አዟሪ አለ። መጽሔቶቹን እንደ ጣራ ቆርቆሮ ደራርቦ ነው መሬት ላይ የሚዘረጋቸው፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ የሚታየው የላይኛው ሲሶ ብቻ ነው። እዚያች ቦታ ላይ የሚያይ ዓይን ከሌለ ልጆቹ አልፈው ይሄዳሉ። ጽሑፍ ከበዛም አይቆሙም። ቀለሙ ደግሞ ከሩቅ መጥራት አለበት። እኔም እማዬን ከነፋብሪካ ልብሷ፣ ከነአረንጓዴ ሻሿ አንስቼ፣ ዓይኗን እላይ አድርጌ፣ ጀርባውን ደማቅ ብርቱካናማ ቀባሁት። ጠይቄያት ፈቅዳለች። ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ኮምፒውተሩ ላይ እንዳታቆነጂኝ። ይሄ ሽብሽብ የለፋሁበት ነው» አለች። አልነካሁትም።

ሁለቱን ሽፋኖች ለሙከራ አትሜ፣ በአሮጌ መጽሔት ላይ ለብጬ ለሰማኸኝ ሰጠሁት፤ እንደ ልማዱ ደርቦ ዘረጋቸው። እኔና ኃይለ ሚካኤል ራቅ ብለን ቆምን። ከሆጤ ትምህርት ቤት የመጡ ተማሪዎች ሞዴሏን ረግጠዋት ሊያልፉ ምንም አልቀራቸው። እማዬ ጋ ሲደርሱ ግን ቀጥ! አንዷ «ኧረ ሴትዮዋ ምን አድርጌያት ነው እንዲህ የምታፈጥብኝ?» ብላ እየሳቀች አነሳቻት። ሰማኸኝ የአውቶቡሷ ሴት መሆኗን ሲነግራት ጓደኞቿን እየጮኸች ጠራች። ኃይለ ሚካኤል ጭንቅላቱን አከክ አከክ አደረገና «እሺ በቃ፣ ትግባ» አለኝ።

ከእሱ ጋር እንዲህ ተገላገልኩ ስል ወሬው እዚያ ድረስ ደርሶ የእርስዎ ስልክ መጣ። «ሚስቴን መንገደኛ ሁሉ ሊያያት?» አሉ። አባዬ፣ ራሷን ሸፍናለች፤ ሶላቷን አታስታጉልም፤ ምን አጠፋች? ሲያገቧት «ከእንግዲህ ድምፅሽ ከጓዳ አይውጣ» አሏት፤ እሺ ብላ ዝም አለች። እርስዎ ሄዱ፤ እዚያ ሌላ ትዳር መሠረቱ። እሷ ዝም እንዳለች ፈረቃ እየገባች አሳደገችኝ። አሁን ገና አፏን ብትከፍት እኔ ልጇ እንድዘጋው ይጠይቁኛል? በሞቴ አባዬ! ቢረግሙኝም አልዘጋው።

ደግሞ «ስሜ እዚያ ወረቀት ላይ እንዳይታይ» ብለዋል። ከእማዬ ስም ጋር የለም፤ አይስጉ። በትልቁ የተጻፈው «ለይላ ሙዓዊያ» ነው፤ የአባቷ ስም፣ አላህ ይዘንለትና። ልጅ ሆና ስታዜም ከበሮ ይመታላት የነበረው እሱ ነው አሉ። የእርስዎ ስም ያለው ታች፣ ጥጉ ላይ፣ የሽፋኑ ሠሪ ስም ከሚጻፍበት ነው። ኃይለ ሚካኤል «አባትሽ ከተቆጡ ረውዳ ብቻ እንበል» ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩት። ልጄ አይደለሽም ማለት የእርስዎ ፈንታ ነው። አባቴ አይደሉም ማለት ግን የእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ አላልኩም።

መጽሔቱን አብሬ ልኬልዎታለሁ። ግድግዳ ላይ ይስቀሉት አልልም። ብቻ ዓይን ለዓይን ይዩዋት፤ ከቻሉ።

እዚያ ያሉትን ታናናሾቼን ይሳሙልኝ፤ ስማቸውንም ይላኩልኝ፣ እስካሁን አላውቀውም። አላህ ወገብዎን ያበርታልዎ፣ ዕድሜ ይስጥዎ፣ ልብዎንም ያራራልን። ረመዳን ሊገባ ነው፤ ከደወሉ ሁለታችንም እናነሳለን።

ልጅዎ፣ ቢፈልጉም ባይፈልጉም፣
ረውዳ አብዱልባሲጥ