የግራ ትከሻሽ ልክ

እታለሜ፣

እንደምን ከረምሽ አልልሽም፤ ያለሽበትን የሚያውቅ አንድዬ ብቻ ነው። ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ቤታችን እንደተውሽው ነው፤ የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር፣ የልብስ ንድፎችሽ ከሚስማራቸው ላይ። ልጅሽ ማኅደር ግን እንደተውሻት አልቀረችም። የምጽፍልሽ ስለሷ ነው። ወሬ ከሩቅ እንደምጀምር ታውቂያለሽና ትንሽ ታገሺኝ።

አንቺ ስትቆርጪ እኔ ስሰፋ ነው ዕድሜያችንን የበላነው። ንድፍ ማውጣት አላስተማርሽኝም፣ እኔም አለሽ ብዬ አልጠየቅሁሽም። ደንበኞቻችን ከለቅሶው በኋላ ብትን ጨርቃቸውን ይዘው ሲመጡ ንድፍ ያወጣሽባቸውን እነዚያን የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀቶችሽን አወረድሁና ጨርቁ ላይ ዘርግቼ እንዳሉ ቆረጥሁ። የሴቶቹን ንድፍ በገዛ ገላሽ ለክተሽ፣ የልጆቹን ደግሞ ከዚያው እያሳነስሽ እንዳወጣሽው አውቃለሁ። ልጅ ሳለሽ ይጁቤ ላይ ከዋርካው ወድቀሽ ተሰብረሽ፣ የግራ ትከሻሽ ዝቅ ብሎ እንደቀረም አውቃለሁ። ያላወቅሁት አንድ ነገር ነው። ለሰው ስትቆርጪ ግራውን በጠመኔ ከፍ ታደርጊው ነበር። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ስለምሰፋ አንድም ቀን አላየሁሽም።

የኪዳነ ምሕረት ዕለት ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲበተን ከፊቴ አየሁሽ። ትከሻሽ ወደ ግራ ወረድ፣ አንገትሽ ዘንበል ብሎ ትሄጃለሽ። ሮጬ ነጠላሽን ስይዝ የዞረችው ጎረቤታችን ደብሬ ናት። ቀሚሷን በዚያው ሳምንት ነበር የወሰደችው። ሳቀችና «ምን አልብሰሽኝ ነው አንቺ? ባሌ ሳይቀር ከኋላዬ አይቶ በእህትሽ ስም ጠራኝ። ተዝካሯን ደግሼ ልብላ እንዴ?» አለች።

ቀጥሎ ገበያ ውስጥ አየሁሽ፣ ቀጥሎም ወፍጮ ቤት በር ላይ። ሽንሽን ቀሚስ የሰፋሁላቸው ሴት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ነፋስ እንደመታው ገብስ ሁሉም ወደ ግራ ያጋደሉ ናቸው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። በወጣሁበት ሁሉ እየጠበቅሽኝ ማን ይከፋዋል? ደብሬ የድሮ ልብሷን ለብሳም እንዳጋደለች መሆኗን እያየሁ መስፋቴን ቀጠልሁ።

ለፋሲካ ካንቺው ንድፍ ለማኅደር ቀሚስ ሰፋሁላት። ቀሚሱን ለብሳ በሩ ላይ ደረሰችና በትከሻዋ በኩል ዞር ብላ፣ «እንኮዬ፣ አማረብኝ?» አለችኝ። እሷ እኮ አክስቴ ነው የምትለኝ። እንኮዬ ብሎ የሚጠራኝ ካንቺ ሌላ ማን ነበር? ከዚያ ቀን ወዲህ መርፌ ስታቀብለኝ እንዳንቺ በከንፈሯ ይዛ ሆነ። ሰነባብታም ግራ እጇን ማንሳት አቃታት፤ ጸጉሯን ስሠራት ትከሻዋን ብነካው ጮኸች።

ወጌሻው ዘንድ ወሰድኋት። ሽማግሌው በጣታቸው ሲዳስሷት ቆዩና፣ «ይቺ ልጅ መቼ ነው የወደቀች? አጥንቷ እኮ ድሮ ተሰብሮ የጠገነ ነው» አሉኝ። ወድቃ አታውቅም ብላቸው፣ «እጄ አይዋሸኝም ልጄ» ብለው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

ስመለስ ደብሬ ዘንድ ጎራ ብዬ አለቀስሁ። ስትቆርጪ አጠገብሽ ቁጭ ብላ ስታወራሽ ትውል አልነበር? የጠመኔውን ነገር ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ።

እታለሜ፣ ቀኑን ሙሉ ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥሁ። ፎቶሽ ፊትሽን ብቻ ነው የያዘው፤ ገላሽ የቀረልኝ እዚያ ወረቀት ላይ ነው። ባቃናው ዳግመኛ ልቀብርሽ ነው። ግን ከውስጥ ልጅሽ ስትስል ድምፁ ያንቺ ሆነብኝ። ያን ጊዜ ወረቀቱን ሁለት አጥፌ፣ ግራውን በቀኙ ልክ በአዲስ ወረቀት አውጥቼ፣ የድሮውን ምድጃ ውስጥ ከተትሁት። የማኅደርን ቀሚስም ፈትቼ አዲስ ሰፋሁላት።

ዛሬ ሁለት እጇን አንስታ ልብስ ታሰጣለች። አክስቴ ትለኛለች። ደብሬም ቀና ብላለች፤ ለሌሎቹም በየተራ ሲመጡ አስተካክዬላቸዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የሰዉን ጀርባ ሁሉ አያለሁ፣ አንቺ ግን የለሽበትም።

ባለፈው በአዲሱ ንድፍ ለራሴ ሰፋሁ። ስለብሰው ግራው ሳበኝ። ልኩን ደጋግሜ አየሁ፣ ሁለቱም ወገን እኩል ነው። ማኅደር ሜትሩን ከእጄ ወስዳ ከኋላዬ ለካችኝና፣ «ቀሚሱ ምንም አልሆነም አክስቴ፣ ያጋደልሽው አንቺ ነሽ» አለች።

ወጌሻው ዘንድ አልሄድሁም። ማለዳ ማለዳ ሲበርድ ያመኛል፣ ያንቺም እንዲሁ ነበር። ቀሚሱን ፈትቼ፣ ግራውን በጠመኔ ዝቅ አድርጌ መልሼ ሰፋሁት፤ አሁን ልኬ ነው።

አልረሳሽም፣ እታለሜ። በቁሜ እስካለሁ በኔ ላይ ሂጂ፣ ቦታ አለኝ። ልጅሽ ግን በገዛ ትከሻዋ ትደግ፤ ወደሷ አትመለሺባት።

እህትሽ እንኮዬ