ዘጠኝ መጋዝ፣ አንድ ሳፋ

ሰኞ፣ ሰኔ 3

ዘጠነኛውን መጋዝ ለማስነሳት ስታገል ዋልኩ። የሞተር መጋዝ ነው፤ ቀይ፣ ዕድሜው ከልጄ የሚበልጥ። የማስነሻ ገመዱን ሳብኩ። ደግሜ ሳብኩ። ካንዴላውን ነቅዬ ጠረግኩ፣ ቤንዚኑን ደፍቼ አዲስ ሞላሁ። ለመንኩት። ሰደብኩት። ይቅርታ ጠየቅኩት። አርባ ጊዜ ያህል ከሳብኩ በኋላ ትከሻዬ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ልጄ ከሥራ ስትገባ በረንዳው ላይ ተዘርፍጬ አገኘችኝ። ጎንበስ ብላ አየችውና፣

«እማዬ፣ ማብሪያውን መች አበራሽው?»

…አላበራሁትም ነበር።

ጥፋቱ የመጽሐፉ ነው። የጥገና መጽሐፌን ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ስገዛው የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ገጾች ተገንጥለው ነበር። ሞተር ፈትቶ መግጠም ከገጽ አሥራ ሦስት ጀምሮ ነው፤ እሱን አሳምሬ አውቃለሁ። ማብራት ግን ገጽ አራት አካባቢ ሳይሆን አይቀርም።

ሲነሳ ጎረቤቱ ሁሉ መስኮቱን ዘጋ። ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሴት ሆኛለሁ?

ዓርብ፣ ሰኔ 7

ሰንሰለት ልገዛ ጋራዥ ሄድኩ። ባለ ጋራዡ ከሩቅ ሲያየኝ ለደንበኞቹ «እትዬ ሞተር መጡ፣ ቦታ ልቀቁ!» አለ።

«ዘጠኝ መጋዝ ምን ያደርግልዎታል? ዛፍ እንኳ የለዎትም።»

እውነቱን ነው። ያለኝ ዛፍ ባልዲ ውስጥ የተተከለ ሎሚ ነው። እሱም ታሟል።

«ማስታወሻ ነው» አልኩ። ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የባሏ ፍቅር ነው ይላሉ። ባሌ በሕይወት ሳለ እንጨት ቆራጭ ስለነበር ነው። ፍቅር ቢሆን ኖሮ አንድ መጋዝ አይበቃም ነበር?

ሰንሰለቱን በጋዜጣ እየጠቀለለ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የባለቤትዎ ታላቅ ወንድም፣ አናጢው፣ ቤቱን ሸጠ። ወሩ ሲያልቅ ልጁ ጋ ሊሄድ ነው፤ ሩቅ ከተማ። ያው ስለማትነጋገሩ አልሰሙ ይሆናል ብዬ…»

ከጎኑ የቆመ አንድ ደንበኛ ጣልቃ ገባ። «ያ ወንድሙ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ መጋዙን የሰረቀው? ይሂድልን።»

እኔ የሰንሰለቱን ጥርሶች ቆጠርኩ። ሠላሳ ስድስት ናቸው። ዝም አልኩ። ዝምታ ላይ የሚደርስብኝ የለም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

ይህን ደብተር ከያዝኩ ስድስት ዓመቴ። ያንን ነገር አንድም ቀን አልጻፍኩበትም። ማንም በማያነበው ደብተር ላይ እንኳ የምትደብቅ ሴት…

እሺ። ልጻፈው።

የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ባሌ ወገቡን ታሞ ሆስፒታል ተኛ። እኔ መጋዙን እጠላው ነበር። ጩኸቱን፣ ሽታውን፣ አልጋችን ላይ ሳይቀር የሚገኘውን የእንጨት ብናኝ። መጋዙ ከሌለ ያርፋል ብዬም አሰብኩ፤ ይህ ሰበብ ነው ወይስ እውነት? እስከ ዛሬ አልለየሁትም። አንድ ቀን አሮጌ ብረት በፕላስቲክ ዕቃ የሚለውጥ ሰው በጋሪ መጣ። መጋዙን ሰጠሁትና ሳፋ ወሰድኩ። አረንጓዴ፣ ጠርዙ የታጠፈ።

ባሌ ከሆስፒታል የወጣ ዕለት «መጋዜስ?» አለ። ልብስ እያጠብኩ ነበር። በዚያው ሳፋ!

እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ ራሱ መለሰ። «ወንድሜ ነው የወሰደው። ባለፈው አውሰኝ ሲለኝ እምቢ ብዬው ነበር።»

አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። ሸሚዝ ጨመቅኩ።

ሄዶ በሰፈሩ ሰው ፊት ሌባ አለው። ሁለቱ ወንድማማቾች ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። ባሌ አራት ዓመት ኖሮ ሞተ። ቀብሩ ላይ አናጢው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። አልገባም። ግባ ያለውም የለም።

ዘጠኙ መጋዝ ከየት መጣ? ያንን አንዱን ስፈልግ ነዋ። አሮጌ መጋዝ አለ ሲሉኝ እሮጣለሁ። ባሌ እጀታው ሥር የስሙን መጀመሪያ ፊደል በምስማር ጭሮበት ነበር። ያኔ ፊደል ስለማላውቅ ጭረት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ማንበብ የተማርኩት እሱ ከሞተ በኋላ፣ ከልጄ አሮጌ ደብተሮች ነው። አሁን አገላብጬ እፈልጋለሁ፤ ፊደሉ የለም። ሻጩን አድክሜ ባዶ እጄን መመለስ ያሳፍረኛል። እገዛዋለሁ።

የባሰው ደግሞ… በዚያ መሃል መጋዞቹን ወደድኳቸው። ያልከፈልኩትን ዕዳ… አይ፣ ዕዳ አይባልም ይሄ። ነውር ነው። በነውሬ ላይ መዝናኛ ከፈትኩበት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

ዘዴ መጣልኝ።

ዘጠነኛው መጋዝ የዚያኛው መንትያ ነው፤ ሥሪቱም ቀለሙም። እጀታውን እንደሱ በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ብጠቀልለው፣ ፊደሏን በምስማር ብጭርበት፣ «ዕቃ ቤቱ ጣሪያ ውስጥ ተገኘ» ብል? አናጢው ነጻ ይወጣል። እኔም አልዋረድም። ባሌ ራሱ አስቀምጦ ረሳው ይባላል። ሟች አይከራከርም…

ውይ። ስጽፈው እንዴት ያስጠላል። ዘዴው ግን ጥሩ ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 16

አለቀ። ፊደሏ ሦስት ጊዜ ተሞክራ ነው የተሳካችው፤ በደንብ መጻፍ መማሬ ጎዳኝ፣ ቁልጭ ብላ ትወጣብኛለች። ላስቲኩን በጭቃ አሸሁት። ጥርሶቹን ግን እንደ ዛጉ መተው አልሆነልኝም። ሠላሳ ስድስቱንም ሞረድኳቸው፣ ገጽ አርባ አንድ እንደሚያዘው፣ ግራና ቀኙን እኩል።

ልጄ አይታ፣ «የሰው እናት አበባ ታጠጣለች» ብላኝ አለፈች።

ሐሙስ፣ ሰኔ 20

ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ነፋስ ነበር። የአናጢው ግቢ ትልቁ ዛፍ ወድቆ መውጫውን ዘግቶበታል አሉ። ዕቃ የሚጭነው መኪና ሊገባ አልቻለም።

ከዚህ የበለጠ ሰበብ ከየት ይመጣል? ነገ እሄዳለሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 21

መጋዙን በእጅ ጋሪ፣ አንሶላ አልብሼ ገፋሁት። የባሌን ቦት ጫማ አድርጌ፣ መነጽሬን በክር አንገቴ ላይ አስሬ። ያዩኝ ሰዎች መንገድ ለቀቁልኝ፤ በሽተኛ የምወስድ መስሏቸው ይሆናል።

አናጢው ግንዱ ላይ ጎብጦ በእጅ መጋዝ ይገዘግዛል። በጣም አርጅቷል። ቀና አለ።

«እርስዎ ነዎት?»

እርስዎ! ድሮ «ሙሽሪት» ነበር የሚለኝ፤ ሽበት ካወጣሁም በኋላ።

የተለማመድኩትን በአንድ ትንፋሽ አወረድኩት። «ጋሼ፣ መጋዙ ተገኘ። ዕቃ ቤቱ ጣሪያ ውስጥ ነበር። እሱ እንደተወው ነው፣ እጄን አላሳረፍኩበትም።» ማን ጠየቀኝ? ዝም ማለት የማውቀው ዝም በማይባልበት ቦታ ብቻ ነው።

አንሶላውን ገለጠ። ላስቲኩን ዳሰሰ። ፊደሏን በአውራ ጣቱ አገኛት። ግንዱ ላይ ቁጭ አለ።

«እና ራሱ ነው ያስቀመጠው?»

«ረስቶት… ይሆናል።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ የት ልግባ? አሥራ አምስት ዓመት ካደረግሁት ሁሉ ይህ የባሰ እንደሆነ እዚያው ቆሜ ገባኝ።

«እስቲ አንዴ ያስነሱትና ድምፁን ልስማው» አለ።

አስነሳሁት። ዛሬስ ማብሪያውን አልረሳሁም! ከግንዱ ጫፍ አንድ ክብ ቁራጭ ቆረጥኩ። ቁራጩን አንስቶ ፊቱን ዳሰሰው። ከኪሱ የማዕዘን መለኪያ አውጥቶ ለካው። ደግሞ ለካው።

«ይሄ የሱ አይደለም።»

«እንዴት?»

«ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ቀጥ ያለ ነገር ቆርጦ አያውቅም። የቀኙን ጥርስ ጫን፣ የግራውን ላላ አድርጎ ነው የሚሞርደው። የሱ መጋዝ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይነዳል። ያንን ሳቃናለት ነው ወገቤ የጎበጠው።» ቁራጩን ወደኔ አዞረ። «እንደተወው ነው አሉኝ። ይህን የሞረደው ማነው?»

«…እኔ።»

«ጎበዝ» አለ። በሕይወቴ ስለ ሙረዳዬ የሰማሁት የመጀመሪያ ምስጋና ነው።

ከዚያ ነገርኩት።

«በሳፋ ለወጥኩት።»

«በምን?»

«በሳፋ። አረንጓዴ።»

የማዕዘን መለኪያውን ኪሱ ከተተ። «ትልቅ ነው?»

«መካከለኛ።»

የቀረውንም ነገርኩት፤ ሸሚዙን፣ ዝምታውን፣ አጥሩን። አልቅሼ ይቅርታ ልል ስጀምር በእጁ አስቆመኝ።

«ለኔ ምን ይነግሩኛል? እንዳልወሰድኩ እኔ አውቃለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለማያውቁት ይንገሩ።»

የእጅ መጋዙን አንስቶ ወደ ግንዱ ተመለሰ። «ልቁረጥልዎ?» አልኩ። መገዝገዙን ቀጠለ።

ጋሪውን ገፍቼ ተመለስኩ። አንሶላውን እዚያው ረሳሁት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 22

ለልጄ ነገርኳት። ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር።

«ብስኩት ይዞልኝ ይመጣ ነበር እኮ» አለች። «አባዬ አትቅረቢው ብሎኝ፣ መንገድ ላይ ሳየው ወደ ማዶ እሻገር ነበር። አንድ ቀን እጁን አነሳልኝ። እኔ ሮጥኩ።» ክፍሏ ገብታ ዘጋች።

ለራት ወጣች። ሳህኗን እያየች፣ «ሳፋው… ያ በረንዳ ላይ ሰንሰለት የምታጥቢበት ነው?»

«አዎ።»

«ኧረ እማዬ!»

ሰኞ፣ ሰኔ 24

ጋራዥ ሄድኩ። ሰባት ሰው ነበር፤ ባለፈው አናጢውን ሌባ ያለው ሰውዬም አለ። «ያን መጋዝ አናጢው አልሰረቀም፤ እኔ ነኝ አሳልፌ የሰጠሁት» አልኩ። ባለ ጋራዡ የሚሠራበትን ሞተር አጠፋና «ምን አሉ? አልሰማሁም» አለ።

ሁለተኛ መናገር ነበረብኝ፤ ከነሳፋው። ሁለተኛው ይከብዳል። በመጀመሪያው ጊዜ ድፍረቴን ጨርሼ ነበር።

ሲገባቸው ሌባ ያለው ሰውዬ፣ «በሳፋ?» አለ። ሰው ሁሉ ለምን ሳፋው ላይ ሲደርስ ይቆማል? በወርቅ ለውጬው ቢሆን ይሻል ነበር?

ስወጣ «እትዬ ሞተር» ብሎ የሸኘኝ የለም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 26

ማንም አልመጣም። ሎሚው አንድ ቅጠል አወጣ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 29

የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆመ። አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ የአናጢ ጠረጴዛ ተጭኖበታል። አናጢው ወርዶ ገባ፤ ሳያንኳኳ፣ እንደ ድሮው። አንሶላዬን አጣጥፎ ይዞልኛል። የመጋዞቹ መደርደሪያ ፊት ቆመ።

«ዘጠኝ?»

«ዘጠኝ።»

«ጤና የለሽም።» አንቺ አለኝ! «ሳፋውን አምጪ።»

ከበረንዳ አመጣሁት። ሰንሰለቱን ከነዘይቱ፣ የታጠበ ወለሌ ላይ ዘረገፈው፣ ሳፋውን በጨርቅ ጠረገ፣ ብብቱ ሥር ከተተ። ጎረቤቱ መኪናውን ለማየት ወጥቷል፤ ባለ ጋራዡም፣ ልጄም ከማዶ ቆመዋል። አናጢው በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ ሳፋውን ከፍ አደረገና ጮኸ፣

«እዩ! ከዚህ ቤት ዕቃ ወሰድኩ! ዛሬ ሌባ ብትሉኝ እውነት ነው!»

መጀመሪያ የሳቀችው ልጄ ናት። እየሳቀች መንገዱን ተሻገረች፤ ወደሱ። አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

መኪናው ውስጥ ሲቀመጥ መስኮቱን ያዝኩ። «ጋሼ… ይቅር አሉኝ?»

«መንገድ ላይ አስብበታለሁ፣ ሙሽሪት። መንገዱ ረጅም ነው።»

ሐሙስ፣ ሐምሌ 4

አናጢው ለልጄ ደውሎ ነበር። ደህና ገብቷል። ሳፋው ውስጥ ሞረድና መዶሻ አስቀምጦበት መንገዱን ሙሉ ሲንኳኳ እንቅልፍ ነሳው። «ገና እያሰብኩበት ነው በያት» አለ። ልጄ የሰኞ ዕረፍቷን ወስዳ ልትጠይቀው ነው። ብስኩት ገዝታለች።

ሰንሰለቱን በወጥ ድስት አጠብኩ። ተጮኸብኝ። ተገቢ ነው።

ባለ ጋራዡ «እትዬ ሞተር፣ አንድ አሮጌ መጋዝ መጥቷል» ብሎ አስጠራኝ። ከእንግዲህ መጋዝ በቃኝ ብዬ ምዬ ነበር… ሄድኩ። ሰማያዊ ነው፣ ትንሽ፣ ድምፁ እንደ ጉንፋናም ድመት። ማብሪያውን መጀመሪያ አየሁ፣ አስነሳሁት፣ ሳቅኩ፣ ገዛሁት።

ቤት ገብቼ መደርደሪያ ላይ ሳስቀምጠው ነው ትዝ ያለኝ። ፊደሏን ፍለጋ እጀታውን አላገላበጥኩትም።