በጸሎት መሃል የተቀየረው ከረጢት

ልጄ ዋቅወያ፣ ነጋ ጂርታ? ሰላም ነህ ወይ? ጌታ በሰው አገር ብርድ ይጠብቅህ፤ በሄድክበት መወደድን ይስጥህ። ይህን ለትምህርት ወደዚያ በምትመጣው በድንቅነሽ እጅ የላክሁት ሌላ ሰው እንዳያነበው ብዬ ነው።

አባትህ አኖ ገጠር ያሉትን ሁለቱን በሬዎች ሸጧል። ደርግ ቤተ ክርስቲያናችንን ካሸገው ወዲህ በየቤቱ ተደብቀን እንደምንጸልይ ታውቃለህ። ከቢላ መጣሁ የሚል ሰው፣ ወንድም ነኝ ብሎ ተቀላቀለን። አንድ ከረጢት የወርቅ አሸዋ ይዞ፣ ግዙኝ፣ በሦስት ወር እጥፍ ያወጣል አለን። አባትህ እዚሁ ነቀምቴ ለአንጥረኛ አሳየው፤ እውነተኛ ወርቅ ነበር። ብሩን ልንሰጠው ስንል ሰውየው "መጀመሪያ እንጸልይበት" አለ። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን። ብሩን ተቀብሎ ሄደ፤ በማግስቱ ከረጢቱን ስንከፍተው የተሞረደ ነሐስ ሆነ።

ለቀበሌ ብናመለክት የት ተዋወቃችሁ ይሉናል፤ የተደበቀው ጸሎታችን ይወጣል ብለን ተውነው። ትናንት ደግሞ ሌላ የማናውቀው ሰው መጥቶ፣ የመንገድ ከሰጣችሁኝ ብራችሁን አስመልሳለሁ አለ። እሱን እኔ ከደጅ መለስኩት።

አባትህ ለዚያ ለወርቁ ሰውዬ፣ ወንድም መስሎት፣ ያንተን አድራሻ ሰጥቶታል። በስማችን ገንዘብ ላክ የሚል ደብዳቤ ቢደርስህ የእኛ አይደለም። እባክህ ለአባትህ እንዳልተቀየምከው ጻፍለት። ጌታ ዕድሜህን ያርዝመው። ማታ ማታ ላንተ እንጸልያለን፤ አባትህ ግን ዓይኑን አይጨፍንም።

እናትህ የሺአረግ